በአንድ ቀዳዳ ወይስ በአራት? የእናቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን

ጓሳ (ጥያቄውን ያነሳው)

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። እናቴ ሃምሳ ልትደፍን ነው። ለዓመታት «ጨጓራ ነው» እየተባለች ክኒን ስትውጥ ኖራለች። በፆም ጋብ ይልላታል። ፋሲካ መጥቶ ዶሮውና ቅቤው ሲከተል ግን ሌሊት ከቀኝ ጎኗ ይነሳና ወደ ትከሻዋ እየወጋ ቁጭ ያደርጋታል። ዘንድሮ አልትራሳውንድ ስትነሳ የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ይዟል ተባለ።

ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ደብረ ብርሃን ያዩዋት ቀዶ ሐኪም ነግረውናል፤ እሱ ላይ ጭቅጭቅ የለንም። የሚያጨቃጭቀን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ስትጠይቅ «በእምብርት በኩል በአንድ ቀዳዳ ብቻ እናወጣዋለን፣ ጠባሳው አይታይም፣ ሕመሙም ያነሰ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማም ብላለች። ሐኪሙ ግን «የተለመደው ባለ አራት ቀዳዳ ላፓራስኮፒ ለእሷ ይበቃል» ነው ያሉን፤ ላፓራስኮፒ ማለት ሆድን ሰፋ አድርጎ ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ መሥራት ነው። አባታችን ደግሞ መጀመሪያ ጻድቃኔ ማርያም ትጠመቅ ይላል፤ ቀጥሎም «ሐሞቷን ካወጡትማ ማን ሊቆጣኝ ነው» እያለ ያሾፋል።

እናቴ ውሃም እንጨትም የምትሸከም፣ አጨዳ ላይ የምትውል ሴት ናት። የአንድ ቀዳዳው ዋጋ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። የተሠራላችሁም የምትሠሩም ካላችሁ ልዩነቱን ንገሩኝ።

---

አንኮበሬው

እግዜር ይማርልህ። ግን ምኑ ያከራክራል? አንድ ከአራት ያንሳል። እኔ ብሆን ሆዴን አራት ቦታ አላስበሳም።

---

ስፌት

አንኮበሬው፣ ብዙ ሰው እንዳንተ ነው የሚያስበው። ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ላይ ነኝ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል የማየውን ልንገራችሁ።

ቀዳዳዎቹን አትቁጠር፣ ስፋታቸውን እየው። በተለመደው አሠራር እምብርት ጋ አንድ፣ ከደረት አጥንት በታች አንድ፣ እነዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። በቀኝ ጎን በኩል ደግሞ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ የሆኑ ሁለት። ትንንሾቹ አንዳንዴ ከዓመት በኋላ ተፈልገውም አይገኙም። በአንድ ቀዳዳ ሲሠራ ካሜራውም መሣሪያዎቹም ጠጠር የያዘው ከረጢትም በዚያው ስለሚተላለፉ እምብርቱ ላይ የሚከፈተው ከሁለት ሴንቲ ሜትር እስከ ሁለት ተኩል ይደርሳል። ቆዳው እምብርት ውስጥ ስለሚደበቅ አይታይም። ከቆዳው ሥር ያለው ጠንካራው ሽፋን ግን በዚያው ልክ ተከፍቷል። ሆድን ይዞ የሚያኖረው ደግሞ እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር የእጅ ነገር ነው። በአራት ቀዳዳ ስንሠራ መሣሪያዎቹ ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው ይገናኛሉ፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይገልጣል፣ አንዱ ይቆርጣል። በአንዷ ቀዳዳ ሁሉም ጎን ለጎን ይገቡና እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ካሜራውም መሐላቸው አለ። በጀበና አንገት ሁለት ማንኪያ ከትቶ ለማማሰል እንደመሞከር ነው። የተካነበት ሐኪም ይችለዋል፤ ለዚያ የተጠማዘዙ መሣሪያዎችም አሉ። ጊዜ ግን ይወስዳል፤ ጥናቶቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ረዘም ይላል ነው የሚሉት።

ሐሞት ላይ የምንፈራው ነገር ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደውን ዋናውን የሐሞት ቱቦ በስህተት መቁረጥ ነው። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥም፤ ካጋጠመ ግን ከባድ ነው። ለዚህ ነው ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ፣ ቱቦውና የደም ሥሩ፣ ጥርት ብለው ተለይተው እስኪታዩ ድረስ ምንም አይቆረጥም የሚባለው። ይህ መመሪያ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በአንድ ቀዳዳ ያንን ዕይታ ማግኘት ይቻላል፤ ይበልጥ ያደክማል እንጂ።

---

እንጎቻ

እኔ በአንድ ቀዳዳ ነው የተሠራልኝ፣ አዲስ አበባ። ደስተኛ ነኝ። ስፌት፣ የምትለውን አልክድም፤ ግን ጠባሳን እንደ ቅንጦት አትቁጠሩብን። እኔ በልጅነቴ ሌላ ቦታዬ ላይ ትልቅ የቃጠሎ ጠባሳ አለብኝ፤ ሌላ መጨመር አልፈለግሁም። ዛሬ እምብርቴን ያየ ሰው ኦፕራሲዮን መሆኔን አያውቅም።

ሕመሙ? ሁለት ቀን ሳል በመጣ ቁጥር እምብርቴን ይዤ ነበር የምስለው። አብራኝ የተኛችው ባለ አራቷ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ኮሪደር ላይ ስትንጎራደድ ነበር። ስለዚህ «ሕመሙ ያንሳል» ብለው ለእህትህ የነገሯት የእኔ ዓይነት ሰው ሳይጠይቁ ይመስለኛል።

---

ስፌት

እንጎቻ፣ ጥሩ አነሳሽው። ሕመም ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም፤ ጥቂቱ አንዱን፣ ጥቂቱ ሌላውን ይደግፋል፣ ልዩነት ሲገኝም ትንሽ ነው። መልክ ላይ ግን ያለጥርጥር አንድ ቀዳዳ ይበልጣል፤ የተሠራላቸው ሰዎች ራሳቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ያንን ነው።

ለጓሳ እናት ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሄርኒያ ነው፤ እምብርት ላይ በስፌቱ በኩል አንጀት ወይም ሞራ ገፍቶ የሚወጣው እብጠት ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 200 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። በአንድ ቀዳዳ ከተሠሩት 119 ሰዎች 10ሩ ላይ ሄርኒያ ወጣ። በአራት ከተሠሩት 81 ሰዎች ግን አንድ ሰው ላይ ብቻ። ያውም እነዚህ እንጨት ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ሰዎች አልነበሩም።

---

የሽንኩርት ነጋዴ

ከሸዋ ሮቢት። የባለቤቴ እህት ላይ የደረሰው ይሄው ነው። የት እንደተሠራላት አልናገርም፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። በአንድ ቀዳዳ ተሠራላት፣ በማግሥቱ ወጣች፣ ሁላችንም «ተአምር ነው» አልን። ክረምቱ ሲወጣ እምብርቷ እንደ ዕንቁላል አብጦ አገኘነው። ሲያስላት ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል። እንደገና ተከፍታ የሳሳውን ቦታ የሚደግፍ መረብ ተሰፋላት። የመጀመሪያው ከወሰደው የሁለተኛው ወጪና ጭንቀት በለጠ።

ሽንኩርት በማዳበሪያ የምታነሳ ሴት ናት። «ስንት ጊዜ እንዳታነሺ» ብሎ የነገራት የለም፤ ወይ ነግረዋት አልሰማችም፤ እኔ አልነበርኩም።

---

እንጎቻ

ነጋዴው፣ እህታችንን ይማራት። ግን ከኦፕራሲዮን በኋላ ገና ሳይጠና ማዳበሪያ ከተነሳ አራትም ቢሆን፣ ሙሉ ለሙሉ የተከፈተም ቢሆን ይፈታል። ጥፋቱን ሁሉ ለአንዷ ቀዳዳ አትስጧት።

---

የሽንኩርት ነጋዴ

እውነት ነው። ግን አንቺ ቢሮ ነው የምትውዪው፣ እሷ ማሳ ላይ። «ስድስት ሳምንት አታንሺ» ብለሽ የመኸር ሰሞን ለገበሬ ሴት ብትነግሪያት ማን ያነሳላታል? እኔ የምለው ሥራዋን አይታችሁ ምረጡላት ነው።

---

ስፌት

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ክብደት ማንሳት ለሁሉም አሠራር ጠላት ነው። ስፌቱ የሚሸከመው ግን በሰፋው ልክ ነው። ቀላል የቤት ሥራ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጀመራል፤ ከባድ ነገር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይከለከላል። ጓሳ፣ ኦፕራሲዮኑን ከአጨዳ በኋላ ብታደርጉት እኔ ደስ ይለኛል። ትኩሳትና ብጫነት እስከሌላት ድረስ ቀን መምረጥ ትችላላችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። በዕቃ ፋሽን እንዳትወሰዱ። በላፓራስኮፒ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት ያወጣው ኤሪክ ሙኤ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985። ያኔ የሙያ አጋሮቹ አፌዙበት፤ የጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያከበረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከእሱ በፊትም ኩርት ዜም እ.ኤ.አ. በ1980 ትርፍ አንጀትን በላፓራስኮፒ ሲያወጣ ያው ነው የጠበቀው። እነሱ አሸነፉ፤ ምክንያቱም ከጎድን ሥር አሥር አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይቀደድ የነበረው ሰው በማግሥቱ በእግሩ ቤቱ ገባ። ያ ትልቁ ዝላይ ነበር። ከአራት ወደ አንድ መሄድ ግን የዚያን ያህል ዝላይ አይደለም። ሁለቱም ላፓራስኮፒ ናቸው፣ ሁለቱም ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋሉ፣ ከሁለቱም በኋላ ሰው በቶሎ ነው የሚወጣው።

---

ሴኡል ያለችው

እኔ ያለሁበት ኮሪያ በአንድ ቀዳዳ መሥራት የተለመደ ነው፤ በሮቦት የሚሠሩም አሉ። ጓደኛዬ ትርፍ አንጀቷን በዚያ አስወጣች፣ ምንም አልሆነችም። ግን ልብ በሉ፣ እዚህ አንድ ሐኪም በዓመት ስንትና ስንት ይሠራል። ጥያቄው «ይቻላል ወይ» ሳይሆን «ይህ ሰው ስንት ሠርቷል» ነው። ጓሳ፣ እህትህ ክሊኒኩን ይህንን ጠይቃለች?

---

ጓሳ

ሴኡል፣ ትናንት ጠየቀች። «ዶክተሩ ውጭ ሠልጥነው ነው የመጡት» አሏት፣ ቁጥር አልነገሯትም። «በአንድ ቀዳዳ ተጀምሮ ቢያስቸግርስ?» ስትልም «አያስቸግርም» አሏት።

---

ስፌት

«አያስቸግርም» የሚል ሐኪም ያስፈራኛል። ከረጢቱ ተቆጥቶ ከዙሪያው ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ይጨመራል፣ ካልሆነም ይከፈታል። ያ ውድቀት አይደለም፣ ጥሩ ሐኪም ነው የሚያደርገው። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «እንጨምር ይሆናል፣ እንከፍት ይሆናል» ብሎ መናገር አለበት።

እናትህ ወፈር ያለች ናት? ከዚህ በፊት ሆዷ ተከፍቶ ያውቃል? እምብርቷ ላይ ከወሊድ የቀረ እብጠት አለ? ለእነዚህ መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ አንድ ቀዳዳን እዚያው ላይ እንርሳው።

---

ጓሳ

ወፍራም አይደለችም፣ ተከፍታም አታውቅም። ከመጨረሻዋ ልጇ በኋላ ግን እምብርቷ ትንሽ ወጣ ብሎ ቀርቷል። እኛ ሁልጊዜም እንደዚያ ስለምናውቃት ነገር ነው አላልነውም። ለሐኪሙም አልተነገረም።

---

ስፌት

ይነገር። ትንሽ ሄርኒያ ከሆነ በዚያው ኦፕራሲዮን አብሮ ሊሰፋ ይችል እንደሆነ ሐኪሙ አይተው ይወስናሉ። ቀድሞውኑ የሳሳ ቦታ ላይ ሰፋ አድርጎ መክፈት ግን እኔ አልመክርም።

---

የሞጃው

ልጆቼ፣ እኔ ሰባ አልፌአለሁ። ለሐሞት ጠጠር ቢላ ምን ያደርጋል? ዘይትና ሎሚ በባዶ ሆድ ጠጥታ ትደር፣ ጠዋት አረንጓዴ ጠጠር ሆኖ ሲወርድ በዓይኗ ታየዋለች። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

---

ስፌት

ጋሼ፣ እርስዎ ያዩት እውነት ነው፣ አረንጓዴ እንክብል ይወርዳል። ግን ተወስዶ ሲመረመር ዘይቱ ራሱ ሆድ ውስጥ ሳሙና ሆኖ የተጠቀለለ ነው። ከጠጡ በኋላ አልትራሳውንድ ቢነሱ ጠጠሩ ቦታው ላይ ነው። ያ ሁሉ ዘይት ደግሞ ከረጢቱን አኮማትሮ ጠጠሩን ቱቦ ውስጥ ሊወትፈው ይችላል፤ ያኔ ዓይን ይቢጫል።

---

የሞጃው

እንግዲህ እናንተ ተምራችኋል። ጸበሉንም ልትከለክሉ ነው?

---

ማደንዘዣ

ጋሼ፣ ማንም አይከለክልም። ትጠመቅ፣ ትምጣ። ያልቻልነው ትኩሳት እያንቀጠቀጣት፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቁሮ «ሱባዔዬን ልጨርስ» ስትል ነው። ያኔ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ጓሳ፣ እኔ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ቀዳዳው ስፌት ይበቃል። ከቀዳዳው በላይ ለእናትህ ሊለውጥ የሚችለውን ልናገር። እናትህ እንጀራ የምትጋግረው በእንጨት ነው ብዬ ልገምት። ጭሱ ሳል ካስለመዳት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ታሳይ። የሚቆይ ሳል ስፌት ይፈታል፣ ለማደንዘዣውም ጥሩ አይደለም። የሆድ ድርቀትም እንደዚያው፤ የሚያስምጥ ነገር ሁሉ እምብርቱን ይገፋል።

ሆዷ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። የማይቀጣጠል፣ ደም ውስጥ ገብቶ በትንፋሽ የሚወጣ ስለሆነ ነው የሚመረጠው። በኋላ ቀኝ ትከሻዋን ቢያማት «ሐሞቴን ሳይሆን ትከሻዬን ነው የቀደዱት» እንዳትል፤ ጋዙ ድያፍራሟን፣ ደረትና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ስለሚነካ ነው፣ በቀናት ውስጥ ይሄዳል። ይህ በአንድም በአራትም ያው ነው።

መቀነት! የመንዝ እናቶች ሁሉ የሚጠይቁን ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ እምብርት ላይ ጥብቅ ተደርጎ አይታሰርም፤ ይፈትጋል፣ ላብ ያጠራቅማል። ከዳነ በኋላ ትታሰር፤ ግን መቀነቱ ስፌቱን ይይዝልኛል ብላ እንስራ እንዳታነሳ። ለጋ ቅቤም ቁስሉ ላይ አይቀባ፣ እባካችሁ። ጠያቂ ጎረቤት ሲመጣ ከበር ላይ ንገሩልን።

---

አንኮበሬው

እኔ እንኳ ሐሳቤን ቀየርኩ ልል ነው። ግን ሌላ ጥያቄ፦ ከረጢቱ ከወጣ በኋላ በቅቤ መብላት ቀረ ማለት ነው? ያማ ከሆነ ፋሲካስ ምን ይሆናል?

---

ማደንዘዣ

አይቀርም። ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፣ ከረጢቱ ማስቀመጫ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ቅባት ሲበላ ሆዱን ይቀጥነዋል፤ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። አብዛኛው ሰው ወደ ቀድሞ ምግቡ ይመለሳል።

---

እንጎቻ

እኔ ዶሮ ወጥ ላይ እንደቀድሞው ነኝ፣ ምስክር ነኝ።

ጓሳ፣ እኔ ለራሴ ዳግም ብመርጥ ያው አንዷን ነው የምመርጠው። ለእናቴ ቢሆን ግን አራቱን። እህትህን እንዲህ በላት፤ «ጠባሳው የሚያሳስበው ማንን ነው፣ እናታችንን ወይስ አንቺን?»

---

ሴኡል ያለችው

ዋጋውንም አስቡት። የጤና መድን ደብተር ካላት መድኑ የሚከፍለው ውል ላላቸው ተቋማት ነው፣ ያውም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር ሲኖራት። የግል ክሊኒክ ማለት ከኪስ ማለት ነው። የተረፈው ገንዘብ አጨዳ ላይ ሠራተኛ ይቀጥርላታል።

---

ጓሳ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እንጎቻ ያልሽውን ቃል በቃል ለእህቴ ነገርኳት፤ ተቆጣች፣ ከዚያ እናቴን ራሷን ደወለችላት። እናቴ ምን አለች መሰላችሁ፦ «ቀዳዳው ስንትም ይሁን፣ የማየውም እኔ የማሳየውም የለኝ። ውሃ መቅዳት መቼ እችላለሁ?» ብቻ። እኛ እርስ በርስ ስንጨቃጨቅ እሷን የጠየቃት አልነበረም።

ስለዚህ በአራት ነው። እምብርቷን ለሐኪሙ አሳይተናል፤ ትንሽ ሄርኒያ ነው፣ አብረው እንደሚሰፉት ነገሩን። ሪፈሩንም አስጽፈናል። ገብሱ ከገባ በኋላ ነው ቀጠሮው፤ ውሃውን እኔና የአጎቴ ልጅ ተከፋፍለናል። መሣሪያው የተበላሸ ቀን እንዳይሆን በዋዜማው ደውሉ ስላሉን እሱንም ይዘናል። እህቴ አሁንም ደስ አላላትም፤ አስታማሚዋ ግን እሷ ናት።

አንድ የቀረች። ማደንዘዣ፣ በዕለቱ ጠዋት ቡና ይከለከላል? እናቴ ያለ ቡና ራሷን ያማታል፣ ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የፈራችው ያንን ነው።

---

ማደንዘዣ

የሚያደነዝዛት ባለሙያ የሚላትን ትስማ፤ ብዙ ቦታ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ይባላል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ምግብ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ስምንት ሰዓት፣ ውሃ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ወተትም ቅቤም የሌለበት ቡና ከውሃ ጋር ነው የሚቆጠረው። በቅቤ ከሆነ ከምግብ። ስለዚህ ቀጠሮዋ ረፈድ ያለ ከሆነ ከዋዜማው ጠይቁላት፣ አንድ ሲኒ ሊፈቀድላት ይችላል።

---

ጓሳ

በጨው ነው የምትጠጣው።

---

ማደንዘዣ

ጨው ችግር የለውም። ከቡናው ጋር የምትይዘውን የገብስ ቆሎ ነው ከእጇ የምትቀሟት።